የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ጁስ፦ ሴቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ እነዚህ በየቀኑ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የምጠየቃቸው ናቸው።

ዩቲአይ የሚሉት ምንድን ነው? ለምንስ በሴቶች ይበዛል?

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ማለት ነው። ባክቴሪያ በሽንት መውጫ ገብቶ ፊኛ ውስጥ ሲራባ የሚመጣ ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። አንጀታችን ውስጥ ሲሆን ችግር የለበትም። ጣጣው የሚመጣው ቦታውን ሲለቅ ነው።

የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ አጭር ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የወንድ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚያ ላይ የሴቷ ለፊንጢጣ ቅርብ ነው። ባክቴሪያው ብዙ መንገድ አይጠበቅበትም ማለት ነው። ከሁለት ሴቶች አንዷን በዕድሜዋ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛታል። ስለዚህ እህቴ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሺ አትሸማቀቂ። የተፈጥሮ አሠራር ነው እንጂ የባለጌነት ምልክት አይደለም።

ብርድ መቶኝ ነው ወይስ ኢንፌክሽን? በፀሐይ ስለሸናሁስ ሊሆን ይችላል?

ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥም፣ ፀሐይ ላይ መሽናትም፣ ጨረቃም ዩቲአይ አያመጡም። ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው። ሽንት ሲወርድ ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያጣድፋል፣ ሄደሽ ስትቀመጪ ጠብታ ብቻ ይወርዳል። ከእምብርት በታች ያማል። ሽንቱ ሊደፈርስ፣ ደም ሊቀላቅል ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ማቃጠሉ ካልተለመደ ፈሳሽ ወይም ከማሳከክ ጋር ከመጣ ችግሩ ከሽንት ቧንቧ ሳይሆን ከማህፀን በር ወይም ከብልት አካባቢ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ሌላ ነው። እዚህ ላይ ገምቶ መድኃኒት መግዛት ገንዘብም ጤናም ያስከፍላል።

ጁስ ብዙ ብጠጣ ይከላከልልኛል?

ማንኛውም ጁስ? አይከላከልም። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ፣ አናናስ ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ብዪ፣ ጠጪ። ባክቴሪያውን ከፊኛሽ የሚያስወጣ ነገር ግን የላቸውም። የሚረዱት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ፈሳሽ ስለሆኑ ሽንት ያበዛሉ። ለዚህ ደግሞ ውሃ ይበልጣቸዋል፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

በጥናት ተፈትኖ ስሙ የወጣ አንድ ፍሬ አለ። እሱም ክራንቤሪ ነው። «ጁስ ለሽንት ጥሩ ነው» የሚለው ወሬ ከዚያ ተነስቶ እየተላለፈ መጥቶ ነው ስፕሪስ ላይ ያረፈው።

ክራንቤሪ ምንድን ነው? እውነት ይሠራል?

ሰሜን አሜሪካ የሚበቅል፣ ቀይ፣ ትንሽ፣ አፍ የሚያኮማትር ፍሬ ነው። ድሮ የሚሠራው ሽንትን አሲዳም ስለሚያደርግ ነው ይባል ነበር። አሁን የሚታወቀው ሌላ ነው። ኢ. ኮላይ እንደ ፀጉር ቀጫጭን የሆኑ መያዣዎች አሉት፤ በእነሱ የፊኛውን ግድግዳ ቆንጥጦ ይይዛል። ክራንቤሪ ውስጥ ያለው ፕሮአንቶሲያኒዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያን መያዣ ያሰናክለዋል። አጋም ቆንጥሮ ነጠላሽን ሲይዘው አስቢ። እሾሁ ከደነዘዘ ነጠላው ይላቀቃል። ባክቴሪያውም መያዣ ካጣ ከሽንት ጋር ታጥቦ ይሄዳል።

ማስረጃውስ? እ.ኤ.አ. በ2001 ፊንላንድ ውስጥ ሴቶች በቀን 50 ሚሊ ሊትር የክራንቤሪና የሊንጎንቤሪ (የክራንቤሪ ዘመድ የሆነ ፍሬ) ጭማቂ ለ6 ወር ጠጡ። ሕመሙ ተመልሶ የመጣባቸው 16 ከመቶ ነበሩ። ምንም ካልተሰጣቸው ሴቶች ግን 36 ከመቶ ተመልሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ቡድን ያሉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያይ «ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም» አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ሐሳቡን ለወጠ። ሕመሙ በሚመላለስባቸው ሴቶች ላይ አደጋውን ሩብ ያህል ይቀንሳል ብሏል።

ሩብ ማለት ሩብ ነው። በዓመት አራት ጊዜ የሚያማት ሴት ሦስት ጊዜ ሊያማት ይችላል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የተሟላ መከላከያም አይደለም። በዚሁ ግምገማ ለነፍሰ ጡሮች፣ በመጦሪያ ለሚኖሩ አረጋውያን እና ፊኛቸው በደንብ ለማይራገፍላቸው ሰዎች ጥቅም አልታየም።

ታዲያ ሱፐርማርኬት ያለውን ክራንቤሪ ጁስ ልግዛ?

መጀመሪያ ጠርሙሱን አዙረሽ ጀርባውን አንብቢ። ባለፈው አንዲት ልጅ በከረጢት ይዛ መጣች። ጠርሙሱ ያምራል፤ ቀዩ ቀለም ያጓጓል። አብረን ጀርባውን አነበብን። ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ የክራንቤሪ ጭማቂ። «ኮክቴል» ወይም «ድሪንክ» የሚል ከተጻፈበት አብዛኛው የተጣፈጠ ውሃ ነው። እውነተኛው የክራንቤሪ ጭማቂ ኮምጣጣ ስለሆነ ሳይጣፈጥ የሚጠጣው ጥቂት ሰው ነው።

ንጹሑን ጭማቂ ወይም በእንክብል የሚሸጠውን ካገኘሽና አቅምሽ ከፈቀደ፣ የሚመላለስብሽ ከሆነ መሞከር ትችያለሽ። በጥናቶቹ ሴቶቹ ለወራት በየቀኑ ነው የወሰዱት። ሲያም ብቻ አንድ ጠርሙስ ጠጥቶ መተው ጥቅም የለውም። ለዚህ ብለሽ የቤት ወጪሽን ግን አታናጊ። ቀጥሎ የምነግርሽ ነገር ገንዘብ አይጠይቅም።

የእኛ አጋም፣ ቀጋ ወይም እንጆሪስ ምትክ አይሆኑም?

ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ዘራቸው ግን ከክራንቤሪ የተለየ ነው። በሽንት ኢንፌክሽን ላይ የተፈተነው ክራንቤሪ ነው። አጋሙን ስለሚጣፍጥ ብዪው።

ሎሚና ቫይታሚን ሲስ?

ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ የምትጠጪ ከሆነ ቀጥዪ፤ የሚጠቅምሽ ግን ውሃው ነው። ቫይታሚን ሲ ዩቲአይን ይከላከላል ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ማቃጠሉ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሎሚ፣ ቡናና ለስላሳ የፊኛውን መቆጥቆጥ ሊያብሱት ይችላሉ። እስኪሻልሽ ተዪያቸው።

ጁስ ቤት የምጠጣው ስፕሪስ ይጎዳኛል?

ስፕሪሱን እናውቀዋለን። ከታች አረንጓዴው አቮካዶ፣ መሐል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቪምቶ ጠብ ይደረግበታል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። ጤነኛ ሴት ይህን በመጠጣቷ ዩቲአይ አይይዛትም። ግን መድኃኒትም አይደለም። ወፍራም ስለሆነ ሆድ ይሞላል። ብዙ ሴቶች «ዛሬ ጁስ ጠጥቻለሁ» ብለው ውሃውን ይተዉታል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የስኳር ሕመም ያለባት ሴት ግን ትለያለች። ስኳሯ ከፍ ሲል ወደ ሽንቷ ያልፋል፤ ሰውነቷም ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅሙ ይደክማል። ለእሷ ስኳር የተጨመረበት ጁስ «ለሽንቴ ብዬ ነው» ተብሎ የሚጠጣ አይደለም። አንዲት እናት በቀን ሁለት ብርጭቆ ብርቱካን ይጠጡ ነበር፤ ልጆቻቸው ናቸው የሚገዙላቸው፣ በፍቅር። ስኳራቸው ሲለካ ግን ሰማይ ነክቶ ነበር። «እማማ፣ ብርቱካኑን እየላጡ ይብሉት፤ ለሽንቱ ውሃ ይጠጡ» አልኳቸው። ሙሉ ፍሬው ቃጫ ስላለው እንደ ጭማቂው የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ አያደርግም።

እና ምን ልጠጣ?

ውሃ። ይሄን ስል ፊታቸው የሚቀዘቅዝ አሉ፤ መድኃኒት ነበር የጠበቁት። ግን ስሚኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 140 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የፊኛ ኢንፌክሽን የሚይዛቸው፣ በቀን ከ1 ሊትር ተኩል በታች የሚጠጡ ነበሩ። ግማሾቹ በቀን 1 ሊትር ተኩል ውሃ እንዲጨምሩ ተደረገ። ሌሎቹ እንደነበሩ ቀጠሉ። በዓመቱ መጨረሻ፣ ያልጨመሩት በአማካይ 3.2 ጊዜ ታመሙ። የጨመሩት 1.7 ጊዜ። በግማሽ ወረደ ማለት ነው። የወሰዱት አንቲባዮቲክም እንዲሁ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

1 ሊትር ተኩል የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጊ። ጠዋት ሞልተሽ ከቤት ይዘሽ ውጪ፤ ማታ ባዶውን ይዘሽ ግቢ። መለኪያሽ የሽንትሽ ቀለም ነው። እንደ ጠጅ ከጠቆረ አንሷል። እንደ ስስ ሻይ ከሆነም ጨምሪ። ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት ግን መጠኑን ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር።

ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ውሃ መቆጠብ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ከጄሪካኑ የመጠጡን መጀመሪያ ለዪ፤ ልብሱ ለነገ ይደር።

ውሃ ከጠጣሁ ሽንት ቤት የት አገኛለሁ?

ከሁሉም ጥያቄ የሚያመኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም እውነት ነው። ቅዳሜ ገበያ ጠዋት መደብ ዘርግታ የምትቀመጠው ሴት እስከ ማታ ውሃ የማትቀምሰው ሳይጠማት ቀርቶ አይደለም፤ የምትሸናበት ስለሌላት ነው። ወንዱ ግድግዳ ጥግ ይቆማል። እሷ የት ትሂድ? ጥር 10 ማታ ታቦታቱን አጅባ ፋሲለደስ የጥምቀት ባሕር የምታድር ሴትም እንዲሁ ነው። ሊነጋ ሲል ቆማ ታስቀድሳለች፤ ሽንቷን ቋጥራ። ወደ ባሕር ዳር ሦስት ሰዓት በመኪና የምትሄድ ልጅ ከዋዜማው ጀምራ ውሃ ታቆማለች።

እኔም ደርሶብኛል። በፊት የምሠራበት ቦታ ለሴቶች አንድ ሽንት ቤት ነበር። ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ሻይ ሊጠጣ ከሄደ ቁልፉም ሄደ። በየጊዜው «ቁልፍ ስጠኝ» ማለት አሳፈረኝና ውሃ መጠጣት ተውኩ። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ታመምኩ። ኋላ አራት ሆነን አለቃችን ጋ ገባን፤ ሁለተኛ ቁልፍ ተቀረጸ፤ እኛ ጋ ተቀመጠ። አንድ ቁልፍ ነው፤ ማስቀረጫው ደግሞ የሻይ ዋጋ ነው።

ሽንት ስትቋጥሪ ባክቴሪያው ፊኛ ውስጥ የመራቢያ ጊዜ ያገኛል። በየ3 እና 4 ሰዓቱ ለመሽናት ሞክሪ። መንገድ ስትወጪ የምታርፊበትን ቦታ አስቀድመሽ አስቢ፤ ሾፌሩን «ወንድም፣ አቁምልን» ለማለት አትፈሪ። አንዷ ስትጠይቅ አምስት ሴቶች አብረዋት ይወርዳሉ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ሁዳዴ ስጾም ምን ላድርግ?

እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማትቀምሺ ከሆነ ከዚያ በኋላ እስክትተኚ ያለውን ጊዜ ተጠቀሚበት። በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያልሽ ጠጪ። ረመዳን የምትጾሚም ከአፍጥር እስከ ሱሁር እንዲሁ አድርጊ። ሕመሙ ከጀመረሽ ግን ውሃና መድኃኒት ያስፈልግሻል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ለታመመና ለነፍሰ ጡር የሚፈቅዱት ነገር አለ።

ተልባ፣ አብሽ፣ የገብስ ውሃ?

ፈሳሽ ናቸው፤ በፈሳሽነታቸው ይረዳሉ። ተልባው ቀጠን ብሎ፣ ማር ወይም ስኳር ሳይበዛበት ቢጠጣ አልቃወምም። ጠላና ጠጅ ግን የውሃ ምትክ አይደሉም። ኢንፌክሽኑ ከገባ በኋላ አንዳቸውም አያወጡትም።

ከባለቤቴ ጋር በተገናኘን ቁጥር ይነሳብኛል። እሱ ነው የሚያስይዘኝ?

አይደለም። በግንኙነት ጊዜ እዚያው አንቺ ቆዳ ላይ ያለው ባክቴሪያ ወደ ሽንት መውጫው ይገፋል። ዩቲአይ የአባላዘር በሽታ አይደለም። ይህን ሳያውቁ የተጣሉ ባለትዳሮች አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ከግንኙነት በኋላ ብዙም ሳትቆዪ ሽኚ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃም ጠጪ። ሽንት ቤት ስትጠራረጊ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። የብልትን ውስጥ በሳሙናም በሎሚም አትታጠቢ፤ እዚያ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ካለቁ በሩ ክፍት ሆነ ማለት ነው። የወንድ ዘር ገዳይ ቅባት የምትጠቀሚ ከሆነም እሱ ራሱ ለዩቲአይ ያጋልጣል፤ ሌላ መከላከያ መምረጥ ይሻላል።

ነፍሰ ጡር ነኝ። በጁስ ልከላከል?

በፍጹም በጁስ አትተማመኚ። በእርግዝና ጊዜ ባክቴሪያው ምንም ሳያቃጥል፣ ሳያም ሽንት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ካልታከመ ወደ ኩላሊት የመውጣት ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ያለ ጊዜው ምጥም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የእርግዝና ክትትል ስትሄጂ የሽንት ምርመራ ካልታዘዘልሽ ራስሽ ጠይቂ። ከተገኘብሽ ለነፍሰ ጡር የሚስማማ መድኃኒት አለ። ከእኔ መስኮት ሳይሆን ከሐኪም ትዕዛዝ ይዘሽ ነይ።

መድኃኒቱን በጁስ ወይም በወተት ብውጠው ችግር አለው?

አለው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በወተት፣ በእርጎ ወይም ካልሲየም በተጨመረበት ጁስ ከዋጥሽው ካልሲየሙ ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። መድኃኒቱን ወስደሽም እንዳልወሰድሽ ትሆኛለሽ። በውሃ ዋጪው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት ደግሞ ክራንቤሪ ሳትጀምር ሐኪሟን ትንገር፤ የደሟን መቅጠን ሊያበዛው ይችላል።

ማቃጠሉ ጀምሮኛል። ጁስና ውሃ ጠጥቼ ልጠብቅ ወይስ መድኃኒት ትሰጪኛለሽ?

ክራንቤሪ ለመከላከል ነው የተፈተነው፤ የገባን ኢንፌክሽን አያድንም። ውሃ ጠጪ፤ ግን ቀናት አትጠብቂ። ሽንትሽን ተመርመሪ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎድን አጥንት በታች ጎንን ወይም ጀርባን መውጋት፣ ማስመለስ ካለ ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ሌሊትም ቢሆን።

«አሞክሳሲሊን ስጪኝ፣ ባለፈው ጎረቤቴን አድኗታል» ለምትለኝ መልሴ አንድ ነው። ዛሬ ለአሞክሳሲሊን እጅ የማይሰጥ ኢ. ኮላይ ብዙ ነው። ግማሽ ፍሬ ግማሽ ፍሬ እያልን ነው ያለማመድነው። ልከለክልሽ ፈልጌ አይደለም። የማይሠራ ነገር ሸጬልሽ በሳምንትሽ ኩላሊትሽን ይዘሽ ስትመጪ ማየት ስለማልፈልግ ነው።

ውሃውንም ጁሱንም ሞክሬ አሁንም ይመላለስብኛል። ምን ቀረኝ?

በ6 ወር ሁለቴ ወይም በዓመት ሦስቴ ከያዘሽ ሐኪሞች «ተመላላሽ» ይሉታል። ያኔ ተራው የሽንት ምርመራ አይበቃም፤ ካልቸር ያስፈልግሻል። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለየው እሱ ነው። ስኳርሽም ይታይ። የወር አበባሽ ከቆመ ደግሞ የሆርሞን መቀነስ አካባቢውን ስለሚያሳሳው በብልት የሚቀባ የኤስትሮጅን ክሬም በደንብ ይረዳል። ብዙ እናቶች ይህ መኖሩን ስለማያውቁ ዓመታት ይሰቃያሉ፤ ሐኪሙን በስሙ ጠይቂ።

ለካልቸር ሽንት ስትሰጪ አንቲባዮቲክ ሳትጀምሪ ይሁን። አካባቢውን በንጹህ ውሃ ታጠቢ። የመጀመሪያውን ሽንት ወደ ሽንት ቤቱ ልቀቂው፣ መሐሉን በዕቃው ተቀበዪ፣ የመጨረሻውን ተዪው። የዕቃውን ውስጥ በጣትሽ አትንኪ። ሽንቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ላቦራቶሪ ይድረስ። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ሲመጣ ወረቀቱን አትጣዪው፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። በሚቀጥለው ጊዜ መስኮቱ ጋ ስትመጪ መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሱን ነው።